ባለሁለት ካርዱ በሐይቁ ላይ

ማርሊስ ኬቱነን ሁለቱንም ላፕቶፖች ገዛች። መደብር ውስጥ ቆማ መምረጥ አቅቷት ነው። ሁለቱንም ወደ ሐይቁ ወስዳ ትፈትናቸዋለች፤ የተሸነፈውን ትመልሳለች። መደብሩም እስከ ሰኞ ድረስ ፊቱን ሳያጠቁር ይቀበላል።

አንደኛው የስክሪኑን ሥዕል የሚሠራ አንድ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ነው። ሌላው ባለሁለት ካርድ ነው፤ ወፍራም፣ ጡብ የሚያካክሉ ሁለት ቻርጀሮች የሚጎትት፣ ሲነሳ እንደ በረዶ መጥረጊያ መኪና የሚያጓራ።

ባለሁለቱን ግዢ ብሎ የወተወታት ወንድሟ ዌንደል ነው።

"አንድ ካርድ የቆንቋና ነው" ይላት ነበር። "ሥዕሉን ተራ በተራ ሲሠሩልሽ አስቢው እስኪ! አንዱ አንዱን ሲያቀብል፣ ሌላው ቀጣዩን ይዞ ሲጠብቅ!"

ይህን ያህል ለእሷ ማሰቡ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር። ሐይቁ በብርድ ወደ በረዶ ረግቶ መኪና መሸከም በጀመረ ቁጥር፣ እህትና ወንድም በበረዶው ላይ በምትቆመው የእንጨት ጎጆ ተቀምጠው፣ በላፕቶፕ የመኪና ውድድር ይገጥማሉ። የተሸነፈ የወቅቱን አሳ ሁሉ ያጸዳል። ማርሊስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ በእውነተኛው መንገድ፣ በእውነተኛው በረዶ ላይ የሚስተካከላት የለም። በስክሪን ላይ ግን የድሮ ላፕቶፗ መታጠፊያውን ሲያሳያት ዌንደል አልፎት ሄዷል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ጓንት ያንሸራትታልና በባዶ እጇ፣ አሳ ለማጥመድ በሐይቁ በረዶ ላይ ከተቦረቦረው ቀዳዳ በተቀዳ ውሃ አሳ ስታጸዳ ኖራለች።

ዘንድሮ ግን ቆርጣለች። ቢላዋው ለዌንደል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ጎጆዋ ውስጥ ተሰበሰቡ። የዌንደል ሚስት ጆሊን ዳኛ ናት፤ በርጩማዋን ከቀዳዳው ዳር አስጠግታ፣ በአንድ እጇ መንጠቆ፣ በሌላው የአጋዘን ቋሊማ ይዛለች። እህትና ወንድም በጠባቧ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ የላፕቶፖቻቸው ጀርባ ሊነካካ ምንም አልቀረው። ከሦስት ውድድር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል።

"በየትኛው ትጀምሪያለሽ?" አለች ጆሊን።

"በባለሁለቱ!" አለ ዌንደል፣ ማርሊስ አፏን ሳትከፍት።

በባለሁለቱ ጀመረች። ስክሪኑ ሲበራ ሳታስበው ሳቀች። በጥዶቹ ላይ ያለው በረዶ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የፊተኛው መኪና ጭቃ ሲረጭ ፊቷን ልትጠርግ እጇን አነሳች። መሪነቱን ያዘች። "ዌንደል፣ ከኋላዬ አቧራው እንዴት ነው?" ብላ ጮኸች። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግን ሥዕሉ ተደናቀፈ፤ አንደኛው ካርድ ቀደመ፣ ሁለተኛው ዘገየ፣ በመሐሉ መንገዱ ለቅጽበት ጠፋ። ሲመለስ መኪናዋ ጥድ አቅፋ ቆማለች። ዌንደል አለፋት።

የጎጆዋ የጋዝ ማሞቂያም በዚያው ቅጽበት ሁለት ጊዜ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ።

"ሲሊንደሩን አስሞላ ብዬህ አልነበር?" አለች ጆሊን። ትንፋሿ በአየሩ ላይ ነጭ ሆኖ ቆመ።

"ጋዝ ምን ያደርግልናል?" ዌንደል በድሉ ሰክሯል። ኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ጓንቱ ወልቋል፣ ግንባሩ አልቦታል። ሁለት መዳፎቹን በማርሊስ ላፕቶፕ ጀርባ ዘርግቶ፣ እንደ ምድጃ ያገላብጣቸዋል። "የእህቴ ማሽን እያለ! እኔ እኮ በጋ ላይ ነኝ!"

ማርሊስ ቀና አለች። ጀርባውን ዳሰሰች። የሁለቱ ካርዶች ሙቀት በጀርባው ባሉት ሁለት የአየር ማስወጫዎች እየተግተለተለ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሮ፣ ቀጥታ ዌንደል ጣቶች ላይ ያርፋል። እሷ ዘንድ አንዲት ጠብታ ሙቀት አልደረሰም።

"ዌንደል።"

"አቤት እህቴ።"

"ባለሁለቱን ግዢ ያልከኝ ለዚህ ነው?"

ሊምል ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። "የጆሊን ወንድም እንዲህ ያለ አለው! አምና አጠገቡ ተቀምጬ ሹራቤን ነው ያወለቅሁት!" አለና ከነበርጩማው ወደ ኋላ ተገለበጠ።

ማርሊስም ሳቀች። እየሳቀችም ባለሁለቱን አጠፋችው፣ ጡብ የሚያካክሉትን ቻርጀሮች ነቀለች፣ ባለአንዱን ከቦርሳዋ አወጣች።

"እንዴ! ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ዌንደል ከወለሉ እየተነሳ።

"እያነጻጸርኩ። የገዛኋቸው ለዚህ አይደል?"

"ሥዕሉ ይደበዝዝብሻል እኮ!"

"ይደብዝዝ።"

"እሺ ያኛውንም መልሰሽ አብርተሽ ተይው፣ እንዲያው ለጌጥ።"

"ውጭ ያለችው ጄኔሬተር ሦስት ላፕቶፕ አትችልም" አለች ጆሊን፣ ቋሊማዋን እየገመጠች። "ንዱ።"

በባለአንዱ ስክሪን በጥዶቹ ላይ ያለው በረዶ አይቆጠርም፤ በጅምላ ነጭ ነው። መንገዱ ግን አይቋረጥም፤ ከመታጠፊያ ወደ መታጠፊያ እንደ ውሃ ይፈሳል። ማርሊስ ይህን መንገድ ታውቀዋለች፤ አውቶቡሷን ሞልታ በየጠዋቱ የምትነዳው ዓይነት ነው። ፍሬን ሳትነካ ገባችበት።

ጎጆዋ ቀዘቀዘች። የዌንደል ጣቶች መጀመሪያ ዘገዩ፣ ቀጥሎ እርስ በርስ ተጣበቁ፤ ግራን ሲፈልግ ቀኝን ይጫናል። አንዱን እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ፣ አንዱን አፉ ውስጥ።

"በምንህ ልትነዳ ነው እንግዲህ?" አለች ጆሊን። "በአፍንጫህ?"

"ዝም በይ አንቺ፣ ዳኛ አይደለሽም?"

መኪናው ድልድዩን ስቶ ወንዝ ገባ።

የማርሊስ ጣቶች ግን ብርዱን እንደ ጎረቤት ያውቁታል። ያን ሁሉ ዓመት በሐይቁ ውሃ ተዘፍቀው፣ ቅርፊት ሲፍቁ፣ የሚያሟልጭ አሳ አንቀው ሲይዙ ኖረዋል። ይሄ ለእነሱ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ደረቅ ነው። በቁልፎቹ ላይ ይሯሯጡ ጀመር። ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛውን ስትጨርስ ዌንደል እንደገና ወንዙ ውስጥ ነበር፤ መኪናው ጎማውን ወደ ሰማይ አድርጎ ይሽከረከራል።

"አስተምረሃታል!" ጆሊን እያጨበጨበች ጮኸች፤ መንጠቆው ከእጇ አምልጦ ወደ ቀዳዳው ሲንሸራተት በእግሯ ረግጣ ያዘችው። "አሳ እያስጸዳህ ብርዱን አስተምረሃታል፣ አንተ ጉድ!"

ማርሊስ ተነስታ ልትጨፍር ሞከረች። ጎጆዋ ጠባብ ናትና የቻለችው ባለችበት መሽከርከር ብቻ ነበር። ተሽከረከረች።

ብዙም ሳይቆይ የዌንደል እጆች እስከ አንጓቸው አሳና የሐይቅ ውሃ በሞላው ባልዲ ውስጥ ነበሩ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። የመጀመሪያው አሳ ከመዳፉ ሾልኮ፣ በወለሉ ተንሸራቶ፣ ወደ መጣበት ቀዳዳ ተመለሰ።

"ማርሊስ" አለ፣ ድምፁን እንደ ሕፃን አለስልሶ። "እህትዬ። ያንን ባለሁለቱን... ለትንሽ ጊዜ ብታበሪው? ጀርባውን ወደዚህ አዙረሽ?"

ማርሊስ ወፍራሙን ላፕቶፕ ካርቶኑ ውስጥ እያስተኛች ነበር። ሁለቱን ጡቦች ከጎኑ ሸጎጠች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ማሸጊያ ፕላስተሩን በጥርሷ በጥሳ ለጠፈችበት።

"አሳ አሳ እየሸተተ መደብሩ መልሶ ይቀበለኛል?" አለች። "አይዞህ፣ እየለመድከው ትሄዳለህ። ለከርሞ ውድድርም ይጠቅማል።"

ይህን ብላ ወዲያው ባለችው ነገር ተደናገጠች። ቢላዋውንና ብርድ መልመድ የጀመሩትን የወንድሟን ቀይ ጣቶች አየች።

"ጆሊን" አለች፣ "ጓንት ስጪው።"