ጠዋት የማይነሣው የእጅ ትራክተር

የማኅበሩ የእጅ ትራክተር ከሽንኩርት ማከማቻው ጥግ በወጣበት ቀን እንዲህ ነበር። ሁለቱም ጎማዎቹ አየር አልነበራቸውም፤ የግራው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። አፈር ከሚፈልጡት ስምንት ቢላዎች ስድስቱ በቦታቸው አሉ፤ አንዱ ከወገቡ ተቆርጧል፣ አንዱ ጨርሶ የለም። የጭስ መውጫውን፣ የማርሚታውን አፍ ተርብ በጭቃ ደፍኖታል። የማስነሻውን ገመድ አይጥ በልታው የቀረው አርባ ሳንቲ ሜትር ነው። የነዳጅ መያዣው ሰልባትዮ ከታች በስተቀኝ የምስር ፍሬ የሚያህል ቀዳዳ አለው። እሳት የሚፈነጥቀው ካንዴላ ተፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ሲንጠባጠብበትና የሞተሩ መዘውር በእጅ ሲዞር ግን ፒስተኑ እያቃሰተ ወደ ላይ ወጣ፤ ተመልሶም ወረደ።

ይህን ሁሉ ኪዳኑ በደብተሩ ላይ አሰፈረው፤ ቀኑን ጥቅምት አራት ብሎ።

ኪዳኑ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ጠብ ባላለበት ቀን እንኳ «ዜሮ» ብሎ ይጽፋል እንጂ መስመር ባዶ አይተውም። ጡረታ ሲወጣ የሚለካው ነገር አጣና ወደ አሮጌ የአትክልት መሣሪያ ዞረ። ሁለት የጀርባ መርጫዎችና አንድ የበቆሎ መፈልፈያ ከሞት አስነሥቷል። ለምን እንደሚደክም ሲጠይቁት «ነገር ቆሞ ማየት አልወድም» ይላል።

ትራክተሩ ከሰቆጣ በታች በወንዙ ዳር ሽንኩርትና ጎመን የሚያለሙ የሃያ ሦስት ሴቶች ማኅበር ንብረት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት ሰጣቸው፤ ሁለት በጋ አርሶ ቆመ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ማስተዋል ቀልድ የማያልቅባት፣ ቃሏን ግን የማታጥፍ ሴት ናት። ማሽኑን «ሟቹ» ትለዋለች።

«አያ ኪዳኑ፣ ሽንኩርቱ ማደሪያ አጥቶ እርስዎ ሟች ያስታምማሉ?»

«ሟች አይታመምም።»

«ታዲያ ይቀበራ!»

የቀብሩም ቀን ተቆርጧል። ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት ማሽኑ በማኅበርተኞቹ ፊት አንድ መደብ ካላረሰ ለብረት ሰብሳቢ ይሰጣል። ኪዳኑ በዙሪያው ያሉትን ወረዳዎች ጠይቆ አዳርሷል፤ እስከ ጽጽቃ ድረስ እንዲህ ያለ ማሽን የለም። ይህ ከሄደ ሌላ አያገኝም።

አምስት ሳምንት ሠራ። ጎማውንና ገመዱን በገበያው ዳር የመለዋወጫ ሱቅ ካለው ከከሪም ገዛ። የጎደሉትን ቢላዎች ከመኪና ባሌስትራ አስቀጠቀጠ። የተርቡን ጭቃ በሽቦ ጎረጎረ። ለሁለት ቀን ለቅሶ ወደ ፃግብጂ በሄደ ጊዜ ደግሞ የልጅነት ጓደኛው ንብ አንቢው መንግሥቴ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የሰልባትዮውን ቀዳዳ በሰም ደፍኖ ቆየው። ኪዳኑ መጥቶ ውኃ ሞላበት፤ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። «እጅህ ይባረክ» ብሎ ወደ ካርቡራተሩ አለፈ።

ኅዳር አሥራ አራት፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ኪዳኑ ገመዱን ሃያ ስድስት ጊዜ ሳበ። ማሽኑ አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰም።

«ብርድ መትቶት ይሆናል» አለች ማስተዋል፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «ፌጦ አሽተው ያጠጡት።»

«ጠበል ይሻለዋል» አለች ሌላዋ ከኋላ። ሳቁ ወንዙን ተሻገረ።

የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኪዳኑ ብቻውን ተመልሶ ገመዱን ሳበ። በመጀመሪያው ስበት ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሠራ። ያየው ከሪም ብቻ ነበር።

«ሰው ሲያየው የሚያፍር ነው እንዴ?» አለ ከሪም።

ረቡዕ ጠዋት ማስተዋልን ጠርቶ ሞከረ፤ ማሽኑ እምቢ አለ። ኪዳኑ ከሰዓት በኋላ ይሁንልኝ ብሎ ለመናት።

«ከሰዓት የውኃ ተራችን ነው፤ ማንም ከቦዩ አይነቃነቅም» አለችው፤ በዚህ ጊዜ አልቀለደችም። «አያ፣ ቅዳሜ ጠዋት። የብረት ሰብሳቢው መኪና ቅዳሜ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ወዲያ እኔም ማኅበርተኛውን አልችልም።»

ኪዳኑ አልተናደደም፤ አልጸለየምም። ቴርሞሜትሩን ከቤት አምጥቶ ከማከማቻው በር ላይ ሰቀለና ደብተሩን በአራት ከፈለው፤ ሰዓት፣ ሙቀት፣ የስበት ብዛት፣ ውጤት። ሐሙስ ከንጋት እስከ ማታ በየሰዓቱ ሳበ። በዘጠኝ ዲግሪ፣ ምንም። በአሥራ ሦስት፣ ምንም። በአሥራ ሰባት አስነጥሶ ጠፋ። በሃያ አንድ ተነሣ። ማታ ብርዱ ሲመለስ ማሽኑም ተመልሶ ዝም አለ። ካንዴላው በብርድም በሙቀትም እኩል ይፈነጥቃል። የፒስተኑ ግፊትም ያው ነው። የቀረው ነዳጁ ነው።

ቤንዚኑን ጠረጠረ፤ በሃይላንድ ተሞልቶ በመንገድ ዳር የተሸጠ ቤንዚን ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም። ግን ያንኑ ቤንዚን ከሪም በሞተር ሳይክሉ ጨምሮ ጎህ ሳይቀድ ይጋልብበታል።

ዓርብ ማለዳ የካርቡራተሩን ሆድ ፈትቶ ያለውን በብርጭቆ ተቀበለ። ቤንዚኑ ደፍርሷል፤ ውስጡ እንደ ብጥስጣሽ ሐር ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። ብርጭቆውን ፀሐይ ላይ አቆመና እየጠበቀ አየው። ሙቀቱ ሃያ ሲደርስ ነጩ ነገር ጠፋ፤ ቤንዚኑ ጠራ። ጥላ ውስጥ የቀረችውን የካርቡራተሩን ቀጭን የነዳጅ ማለፊያ አውጥቶ በጥፍሩ ፋቃት። በጥፍሩ የቀረውን በሁለት ጣቶቹ መሐል አሸው፤ ለሰለሰ። አሸተተው። ከቤንዚኑ ሽታ ሥር ቀፎ ቀፎ ይላል።

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ። የጎማው ቀን አለ። የገመዱ ቀን አለ። ስለ ሰልባትዮው የጻፈው «አያፈስም» የሚል ብቻ ነው። በምን እንደተደፈነ የለም። በዚህ አገር ያፈሰሰ ገንቦ፣ የተሰነጠቀ ቀፎ፣ የላላ እጀታ ሁሉ የሚበጀው በሰም ነው፤ ሰም መቀባት እንደ እጅ መታጠብ ነው፤ የሚቆጥረው የለም። ለዝናብ አልባው ቀን ዜሮ የሚጽፈው ሰው እንኳ አልቆጠረውም።

መንግሥቴን ከቀፎው ሥር አገኘው።

«ሰምህ ነው» አለው።

«ሰሜ ምን ሆነ?»

«ቤንዚን ያሟሟዋል። ሲሞቅ አብሮ ይፈሳል፤ ሲበርድ ይረጋና የነዳጁን ማለፊያ ይዘጋዋል።»

«የኔ ሰም?» መንግሥቴ ሲቆጣ ወደ አገው ቋንቋው፣ ወደ ኽምጣና ይዞራል፤ ጥቂት ቃል በኽምጣና ካጉረመረመ በኋላ ተመለሰ። «የአባቴ ገንቦ አርባ ዓመት ጠላ ይዟል፤ አንድ ቀን አላነባም!»

«ጠላ እኮ ቤንዚን አይደለም። ብርሌ ስጠኝ።»

«ቤንዚን? በብርሌዬ? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም!» እያለ ግን አመጣለት።

ኪዳኑ ይዞት የመጣውን ቤንዚን በብርሌው ቀድቶ የምስር ፍሬ የምታህል ሰም ጣለበትና ፀሐይ በመታው ድንጋይ ላይ አቆመው። ተቀምጠው ጠበቁ። ሰሟ ሳሳች፣ ጠፋች። ከዚያ ብርሌውን የጉድጓድ ውኃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ከተተው። ጥቂት ቆይቶ ቤንዚኑ ነጣ።

መንግሥቴ ብርሌውን ከባልዲው አውጥቶ ወደ ብርሃኑ አቅንቶ አየው። «እኔ ነኝ የገደልሁት» አለ በመጨረሻ።

«አልሞተም። ያልጻፍሁት እኔ ነኝ። ተነሥ፣ ሰልባትዮውን ፈትተን ወደ ከሪም እንውሰደው።»

ብርሌውን ሰባት ጊዜ በአመድ ያጠበው መንግሥቴ ነው። ሰልባትዮውን ግን ኪዳኑ ለማንም አልሰጠም። ከውስጥ የሳሳውን ሰም በጉጠት ነቀለ፤ የፈላ ውኃና ሳሙና እየሞላ ደጋግሞ አራገፈ፤ የቤንዚኑ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቀ። ከዚያም ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጦ፣ የቤንዚን ትነት ቦታ እንዳያገኝ ከቀዳዳው ሥር እስኪደርስ ውኃ ሞልቶ፣ በእርሳስ መበየድ ለሚያውቀው ለከሪም አቀረበለት።

«እሳት የማስጠጋው እኔ፣ የምትፈራው አንተ» አለ ከሪም፣ የጋለውን ብረት ከከሰሉ እያነሣ።

«ውኃው ከጎደለ አቁም። እኔ ውኃውን አያለሁ፤ አንተ ቀዳዳውን እይ።»

እርሳሱ ቀልጦ ቀዳዳዋን ሞላ፣ ጠቆረ፣ ደነደነ። ኪዳኑ ካርቡራተሩንና የነዳጁን ቱቦ በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ በንጹሕ ቤንዚን ደጋግሞ አለቅልቆ ገጠመው። በደብተሩም ላይ ሁለት መስመር ጨመረ፤ አንዱን ለእርሳሱ፣ ሌላውን፣ ሳምንታት ቢዘገይም፣ ለሰሙ።

ቅዳሜ ከሳምንቱ ሁሉ የበረደው ጠዋት ነበር። ቴርሞሜትሩ ስምንት ላይ ቆሟል። የብረት ሰብሳቢው መኪና ከመንገዱ ዳር ደርሶ ሹፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ይመለከታል። መንግሥቴ ከሰው ሁሉ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

በመጀመሪያው ስበት ምንም የለም። በሁለተኛው ምንም የለም።

«ፌጦውን…» ብላ ጀመረች ማስተዋል።

በሦስተኛው ማሽኑ አጓራ፤ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ተፋና ድምፁ ተስተካከለ። ሴቶቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። መንግሥቴ ዞረ። ኪዳኑ መያዣውን ለራሱ አላደረገውም፤ ወደ ማስተዋል አዞረላት።

«እኔ?» አለች።

«ንብረቱ የማን ነው?»

ያዘችው። መጀመሪያ ማሽኑ ወዲያና ወዲህ ጎተታት፤ ሴቶቹ «እየወሰደሽ ነው!» ብለው ጮኹ። በመደቡ ግማሽ ላይ ግን ክንዷን አጠንክራ ቀጥ አደረገችው። ጫፍ ላይ አዙራ ተመለሰች፤ ደግማ ሄደች። ስታጠፋው ፊቷ በላብ ርሷል።

«ለሹፌሩ ንገሩት፣ ይሂድ» አለች። «ለሽንኩርቱ ዳስ እንጥልለታለን።»

ኪዳኑ ከመደቡ መሐል ተንበርክኮ ማስመሪያውን በለሰለሰው አፈር ውስጥ በሦስት ቦታ ተከለና ያነበበውን ጻፈ። የመደቡ ርዝመት ሃያ ሁለት ሜትር፣ የወሰደው ጊዜ ዘጠኝ ደቂቃ፣ የእርሻው ጥልቀት በአማካይ አሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል።