በሸምሲያ ፊት የተሸጠው ዱቄት

ሸምሲያ በሐረር ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ዘመን የከረመ ኮረሪማ «አዲስ ነው» ብላ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ስለዚህ አንድ ቀን የማታውቃት ሴት መጥታ «ያንን ስኳር በሽታ በሦስት ቀን የሚያጠፋ ዱቄት ስጪኝ» ስትላት፣ ከሌላ ሰው ጋር የተምታታችባት መስሏት ሳቀች።

ሴትየዋ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፊት የራሷ የሸምሲያ ነው። ከላዩ በቀይ ትልልቅ ፊደል «ሐኪሞች የደበቁት የሐረር ምስጢር! ሳይጠፋ ቶሎ ይመልከቱ!» ይላል።

ፎቶውን አስታወሰችው። ሚልኪያስ የሚባል፣ ኤረር በር አጠገብ ቢሮ ከፍቶ የኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚሠራ ወጣት፣ ገበያውን ላስተዋውቅ ብሎ ያነሳት ነው። ተናደደች፤ ግን ማን ያምነዋል ብላ ተወችው።

በሳምንቱ የድሮ ደንበኛዋ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ኃይለመስቀል ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል መግባታቸውን ሰማች። ልትጠይቃቸው ስትሄድ ልጃቸው ጽጌሬዳ ሰላምታዋን እንኳ አልመለሰችም። ሽማግሌው ግን አልደበቋትም። ዱቄቱን በስልክ አዘው፣ የኢንሱሊን መርፌያቸውን ትተው እሱን ሲጠጡ ነበር።

«ሌላ ሰው ቢሆን አላምንም ነበር» አሏት። «አንቺን አይቼ ነው።»

ከዚያ በቀጥታ ሚልኪያስ ቢሮ ሄደች። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። ዱቄቱን የሚልከው ሌላ ድርጅት እንደሆነ፣ የእሱ ሥራ የሰው ዓይን እንዲያርፍበት ማድረግ ብቻ እንደሆነ አስረዳት።

«እናቴ፣ እውነቱን ብቻ ብንጽፍ ማንም ቆም ብሎ አያይም።»

«ታዲያ እውነት የማይሸጥ ከሆነ የእኔን ፊት ምን አደረግህበት? እኔን ሰው የሚያምነኝ ስለማልዋሽ አይደለም ወይ?»

ማስታወቂያውን ዓይኗ እያየ አስጠፋችው፤ በዚያም አልለቀቀችውም፤ ሆስፒታል ድረስ ይዛው ሄደች። ጋሽ ኃይለመስቀል ትንሽ አዩትና ዱቄቱን ለገዛ እናቱ ሰጥቷት ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ሚልኪያስ አቀረቀረ።

ነገሩ ግን በእሱ እጅ አልቀረም። ፎቶዋን ሌሎች ገልብጠው፣ አሁን ደግሞ የጉልበት ሕመም መድኃኒት እየሸጡበት ነው። ገበያ ላይ የማያውቋት ሰዎች እየጠቆሙ ይስቁባታል። የሚያውቋትም በርበሬዋን አሽትተው «የስልኩ እንዳይሆን» ይሏታል። ቀልድ ነው ይላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም «እውነተኛ መሆኑን ማይልኝ» ብሏት አያውቅም ነበር፤ አሁን ይሏታል፤ በየቀኑም ደሟ ይፈላል።

ጋሽ ኃይለመስቀል ከሆስፒታል እንደወጡ በጽጌሬዳ ክንድ ተደግፈው መጡ፤ ነጭ አዝሙድ ፈለጉ። ሸምሲያ ልትሰፍርላቸው ስትል ጽጌሬዳ እጇን ያዘቻትና ከአዝሙዱ ቆንጥራ ወደ አፏ አደረገች። ሽማግሌው አፍረው ልጃቸውን ሊቆጡ ሲሉ ሸምሲያ ከለከለቻቸው።

«ይተዋት፣ ጋሼ። ትቅመሰው።»

ጽጌሬዳ ቀስ ብላ አኘከች። ሸምሲያ መስፈሪያውን እንደያዘች ቆማ ጠበቀቻት።