ሻለቃ ከጋራዡ ሲወጣ

ዴንቨር ውስጥ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ዛሬ የሽቦ አጥር ብቻ በቆመበት ቦታ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ዝናብ የሚዘንብበት ምግብ ቤት ነበር። እየዋሸሁ አይደለም። ውጭ በረዶ ይወርዳል፣ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ጣሪያው ሥር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ተዘርግቷል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከቴፕ ነጎድጓድ ይለቀቃል፣ ውኃው ቆርቆሮው ላይ ይንጣጣል፣ እንግዶቹ «ዋው!» ይላሉ። አንድ ቀን ከዝናቡ ጋር ዓሣ ወርዶ የአንዲት ሴትዮ ሰሃን ላይ አርፏል። ይቺኛዋን ባታምኑኝ አልቀየምም።

ስሙ ኮራል ሃት ነበር። የደሴት ምግብ ቤት ነው የሚባለው። ግድግዳው ቀርከሃ፣ ከላይ የዓሣ መረብ፣ አምፖሎቹ ደረቅ ዓሣ ሆድ ውስጥ ገብተው ይበራሉ። ባለቤቱ ሚስተር ላም የሆንግ ኮንግ ሰው ነው፤ ኩሽናው በሙሉ ቻይና፣ አስተናጋጁ በሙሉ ሐበሻ። ከደሴት የመጣ ሰው ለመድኃኒት አልነበረም። እኛን ከሱዳን ካምፕ በመጣን በዓመቱ አበባ ሸሚዝ አለበሰን፣ የዛጎል ሐብል አንገታችን ላይ አንጠለጠለ፣ «ፈገግ በሉ» ብሎ ለቀቀን። አሜሪካኖቹ «ከየት ደሴት ነህ?» ሲሉኝ «ከዝዋይ» እላለሁ። «ከሃዋይ ሁለት ፌርማታ ወረድ ብሎ ነው።» አንዱ ሽማግሌ ከሚስቱ ጋር ለጫጉላ ሄደንበታል፣ ባሕሩ ግሩም ነው ብሎኛል። ሰው ሲፈልግ እንዲህ ያምናል።

የቤቱ ጌታ ግን ጓደኛዬ ብርሃነመስቀል ነበር። ባር ላይ ነው የሚሠራው። መሃሉ ላይ እሳት የሚነድ፣ አራት ሰው በረጅም ስትሮ የሚጠጣው የጎድጓዳ ሳህን መጠጥ ነበር፤ እሱን የሚቀምመው ብርሃነመስቀል ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ መጠጥ አይቀምስም፤ ስለዚህ በአፍንጫው ነበር የሚለካው። ደንበኞቹ ደግሞ በዚያ ሰሞን የሚቀርበው ከሁሉ ይበልጣል ይሉ ነበር። ምክንያቱን አላወቁም፣ እኛም አልነገርናቸውም።

በሩ ላይ ደግሞ ሻለቃ ቆሟል። ሻለቃ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ሰው የሚያህል ምስል ነው። ዓይኑ የሲኒ ማስቀመጫ ያህላል፣ ጥርሱ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተገጥግጧል። ያረፈደ ሠራተኛን በዓይኑ ስለሚቆጣ ነው ሻለቃ ያልነው። ብርሃነመስቀል ሲገባ ሁልጊዜ ቆም ብሎ፣ ማታም ቢሆን፣ «ሻለቃ፣ እንዴት አደርክ?» ይለዋል። ቤቱ ሲዘጋ ሚስተር ላም «የምትፈልጉትን ውሰዱ» አለን። እኔ ብርጭቆ ወሰድኩ፤ እሱ ሻለቃን። በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ነው የወሰድነው። ሹፌሩ «ይሄ ሰውዬ ለምን ቲኬት አልቆረጠም?» ቢል፣ «አካል ጉዳተኛ ነው፣ በነጻ ነው» ብዬዋለሁ። ወዲያው አንዲት ባልቴት ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችለት።

ከዚያ በኋላ ኮራል ሃት ፈረሰ። እንደሱ ያሉት ሌሎቹ የዴንቨር ቤቶችም አንድ በአንድ ጠፉ። አንዱ የስልክ መሸጫ ሆነ፣ አንዱ ባንክ፣ አንዱ ምንም አልሆነም። አሁን እዚያ ውስጥ ዝናብ ይዘንብ ነበር ስል ልጆች ሳይቀሩ እንደ ሌሎቹ ተረቶቼ ያዩታል። ምስክሬ ብርሃነመስቀል ነበር።

ብርሃነመስቀል ደግሞ ሳንባው ደከመ። ኦክስጅኑን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ከሃቫና ስትሪት ጀርባ ባለው ቤቱ፣ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። የጋራዡ በር ተከፍቶ፣ ሻለቃ ፊት ለፊቱ ቆሞ። ከሐኪም ቤት በወጣ ሰሞን፣ ሥራዬ ላይ የኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ ውዬ ጎራ ብል እጄን ያዘኝ።

«ግዛው፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ኩላሊት ካልሆነ እሺ።»

«ሻለቃን ከፊቴ እንዳያነሱብኝ። እስክሄድ ድረስ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ማን ያነሳዋል?»

በአገጩ ወደ ቤት ውስጥ ጠቆመኝ። አያልነሽን ማለቱ ነው፣ ሚስቱን። አያልነሽ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ የሰው አገር ሽማግሌ ስታነሳና ስታስተኛ ውላ፣ ማታ የራሷን ታነሳለች። ሻለቃን መቼም ወዳው አታውቅም። ለዓመታት ሸራ እያለበሰች፣ ብርሃነመስቀል ሸራውን እየገፈፈ ኖረዋል። አሁን ግን የንስሐ አባታቸው ቀሲስ ሊዑል ቅዳሜ መጥተው ጸሎት ሊያደርሱ፣ ጠበል ሊረጩ ነው።

«አንተ ግዛው፣» አለችኝ ኩሽና ስገባ፣ «ያንን ጣዖት ውሰድልኝ። ካህን ሊገባ ነው። ምን ይሉኛል?»

«ጣዖት አይደለም እኮ አያልዬ፣ እንጨት ነው።»

«ጣዖት ከምን ይሠራል ታዲያ? ከሽሮ?»

እውነቷን ነው።

ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ አንዳንድ ነገር አላጣም። በማግስቱ ሃቫና ላይ ካለው የሙኒብ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ግድግዳው ላይ የአገር ቤት ካላንደር አየሁ። በዚያ ወር ገጽ ላይ ከእንጨት የተጠረቡ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ጥርሳቸው የተገጠገጠ። የሻለቃ ወንድሞች በሉኝ! ከሥር «የኮንሶ ዋካ፣ የአገራችን ድንቅ ቅርስ» ይላል። ቀጥሎ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረ፤ መነጽሬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ፣ ደግሞ የምፈልገውን አግኝቻለሁ። ቅርስን ማን ከቤት ያስወጣል?

ለብርሃነመስቀል ስነግረው ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ። ሲያበቃ፣ «ሻለቃ የአገሬ ልጅ ሆነ በለኛ» አለ።

«ፓስፖርቱን እኔ አወጣለታለሁ።»

ቅዳሜ ሻለቃን ጋቢ አለበስኩት። አያልነሽ እያየች ከንፈሯን ነከሰች፤ «ቅርስ ነው ብያለሁ፣ ዛሬ ብቻ ዝም በይኝ» አልኳት። ቀሲስ ሊዑል መጡ። ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ጸሎቱን አደረሱ፣ ብርሃነመስቀልን በመስቀላቸው ዳበሱት፣ ጠበሉን ረጩ። ለሻለቃም ደረሰው። ሁሉ በሰላም አለቀ ስል፣ ዘወር አሉና ፈገግ ብለው አዩት።

«ይሄስ ማነው?»

ዝም ብል ኖሮ። ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጌ «እንጃ» ብል ኖሮ። ግን አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የተፈጠረው።

«ቅርስ ነው አባታችን! የኮንሶ ዋካ። የብርሃነመስቀል አያት ጂንካ ዘምተው ሲመለሱ አንድ የኮንሶ ሽማግሌ ከአንበሳ አድነው፣ ለውለታቸው የተሰጣቸው ነው። በአህያ እስከ ሻሸመኔ፣ ከዚያ በመርከብ...»

«ከሻሸመኔ በመርከብ?»

«በጭነት መኪና፣ ከዚያ በመርከብ።»

ቀሲስ ቀረብ ብለው እንጨቱን በእጃቸው ነኩ። «ይገርማል። አባቴ ኮንሶ፣ ካራት ከተማ አስተማሪ ነበሩ፤ ልጅነቴ እዚያ ነው ያለፈው። ዋካ ደርዘን ሙሉ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። እንዴትስ ሰጡ? ሰዎቹ እኮ አይሰጡትም። ጀግና ሲሞት መቃብሩ ላይ የሚያቆሙት ነው።»

አያልነሽ የጠበሉን ጎድጓዳ ዕቃ እንደያዘች ቆመች።

«ምን አሉ አባ? መቃብር?»

«የሟቹ ምስል ነው። እሱን እንዲመስል አድርገው...»

እሷን ሲያዩ ምን እንደተናገሩ ገባቸው። አያልነሽ ሻለቃን አየች፣ ባሏን አየች። ጋቢ ለብሶ የቆመውንና ጋቢ ለብሶ የተቀመጠውን። ዕቃው ከእጇ ወደቀ።

«ሰውየው በሕይወት እያለ!» አለች። «ሳይሞት ሐውልቱን አቆማችሁበት! ስንት ዓመት ሙሉ፣ በቤቴ...»

«አያልዬ ስሚኝ፣ ውሸት ነው!» አልኩ። «እንጨት ነው! የምግብ ቤት እንጨት ነው፣ ከኮራል ሃት ነው የወሰድነው፣ አንቺ ራስሽ ታውቂያለሽ!»

«እዚያስ ከየት መጣ? ቻይናው ከማን መቃብር ነቅሎ እንዳመጣው ምን ታውቃለህ? አባ አውቀውታል፣ አልሰማህም? ዝም በል አንተ ውሸታም!»

ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቼ ስታመን ኖሬያለሁ። ያን ቀን እውነት ተናግሬ የሚያምነኝ አጣሁ።

ቀሲስ ሊያረጋጓት ሞከሩ። «ወይዘሮ አያልነሽ፣ እኔ እኮ መጀመሪያ ሳየው የምግብ ቤት ጌጥ ነው ብዬ አስቤ ነበር። እንጨት ነው፤ እንጨት ሰው አይገድልም።» አልሰማቻቸውም። የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ስለ ሻለቃ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ዶክተሮቹ እንደማይድን ከነገሯት ቀን ጀምሮ አንዴም አልቅሳ አታውቅም። እንባዋን የሚያወርድ ሰበብ አጥታ ነበር፣ እኔ ሰጠኋት።

ብርሃነመስቀል ብዙ አያት። ቢፈልግ «አይነካም» ማለት ይችል ነበር፤ የቤቱ አባወራ ነው፣ የታመመም ነው፣ ማንም አይከራከረውም። በኦክስጅኑ ቱቦ አየር ሳበና፣

«ውሰደው ግዛው» አለኝ።

«የት ልውሰደው?»

«እኔም እመጣለሁ።»

ቀሲስ ናቸው ከእኔ ጋር የተሸከሙት። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ሻለቃን በእግሩ በኩል ይዘው። በሌላ ቀን ቢሆን ከዚህ ብቻ የአንድ ዓመት ወሬ አወጣ ነበር። ቫኔ ውስጥ አጋደምነው፤ ብርሃነመስቀል ከነታንኩ ከፊት ተቀመጠ። አያልነሽ እንባዋን ጠርጋ መጣችና ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለችለት፣ ቀበቶውን አሰረችለት። ወደ ኋላ አላየችም።

ኮልፋክስን ይዘን ወደ ምዕራብ ነዳሁ። ሰማዩ ከብዷል፣ ግን አይዘንብም። ሞቴሎቹን፣ የጎማ ቤቶቹን አለፍን። እዚያ ስንደርስ ፓርክ አደረግኩ። አጥር አለ፣ ከውስጥ አረምና የተሰባበረ አስፋልት፣ ሊገነባ ስላለው አፓርትመንት የሚያወራ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ራሱ ፀሐይ በልቶታል።

«በሩ እዚህ ጋ ነበር» አልኩት።

«የለም። ከዚያ ምሰሶ ወዲያ ነው።»

«ምሰሶው ጋ እኮ ወጥ ቤቱ ነበር። ቆሻሻ የምናወጣው በዚያ አልነበረም?»

«ቆሻሻ በጀርባ ነው። ግዛው፣ በሩን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ተከራከርን። እኔ ወርጄ በእግሬ ለካሁ፣ እሱ በመስኮት «ግራ፣ አሁንም ግራ» ይላል። አንዴ ከዛፉ ተነሳን፣ ዛፉ ግን በኋላ የተተከለ ሆነ። አንዴ ከመንገድ ማዶው ሕንፃ ተነሳን፣ እሱም ያኔ አልነበረም። በመጨረሻ ብርሃነመስቀል እጁን ከመስኮቱ መለሰ። ስንት ዓመት የገባበት በር የት እንደነበር ጠፋው። ለእኔም ጠፋኝ። ከሁለታችን በቀር ደግሞ የሚጠየቅ የለም።

«አንድ ቦታ አቁመው» አለ።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ አጥሩን አስደግፌ አቆምኩት።

«ፊቱን ወደ መንገድ።»

አዞርኩት። ጋቢውን ልገፍፈው ስል «ተወው» አለኝ። ቫኑን አስነሳሁ።

መብራት ላይ ቆመን እያለ ነው የጠየቀኝ።

«ለቀሲስ ለምን እንደዚያ አልካቸው?»

«ምን ልበል ታዲያ? ከፊትህ እንዳይነሳ ብዬ እኮ ነው።»

«ምግብ ቤት ነው ብትላቸውስ? ይሄ ሰው እዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፣ ከእሱ የተሻለ የሚቀምም ከተማው ውስጥ አልነበረም፣ ይሄ ምስል በሩ ላይ ይቆም ነበር ብትላቸው።» ትንፋሹን ጠበቀ። «እኔ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት፤ መጠጥ ቀዳሁ ለማለት። አንተ አፍ አለህ። አንተ ትለዋለህ ብዬ ነበር።»



በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። አሥራ አምስት ቁጥርን የሚጠብቅ አንድ ሰው ሁለቱንም እጁን ነጻ ለማድረግ የፕላስቲክ ከረጢቱን ሻለቃ ጥርስ ላይ አንጠልጥሎ ሲጋራውን ይለኩሳል።

«ሥራ አገኘ» አልኩ።

ብርሃነመስቀል አልሳቀም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ጡሩምባ ነፉብን።