ሳይጠይቃት የቆረጠው እሑድ

ግዛቸው ከገበያ ሁለት ነጭ ነጠላ በፌስታል ይዞ ገባና የካሰች ጭን ላይ አስቀመጠው።

"የፊታችን እሑድ እንቆርባለን። ከመምሬ በቀለ ጋር ቀን ቆርጠናል" አላት። ከዚያ ትልቅ ሥራ ሠርቶ እንደገባ ሰው ጉልበቱን እያሸ ሶፋው ላይ ተዘረጋ።

ካሰች ምስር እየለቀመች ነበር፤ መልቀሟን አላቆመችም። ይህን ቃል ለመስማት እኮ ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቃለች። የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ በቁርባን አልነበረም። ባልና ሚስት ደግሞ አብረው እንጂ አንዱ ብቻውን አይቆርብም። አንዴ ከቆረቡ ወዲያ መፋታት የለም፣ ውጭ ውጭ ማየትም የለም። ስለዚህ እሱ እንቢ ባለ ቁጥር እሷም ስትቀር ኖረች። በየሰንበቱ ሰው ልጁን አዝሎ ለመቁረብ ሲጠጋ፣ እሷ በሴቶች በር በኩል ቆማ ማየት ነው። ስትለምነው መልሱ አንድ ነበር፤ "ካሱዬ፣ ገና ነን። ስናረጅ ይደርሳል።"

"ገና" ያሰኘውን ታውቀዋለች። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የምትሠራ ሰብለ የምትባል ሴት ነበረች። ሰባት ዓመት። ግዛቸው ለሰብለ የተከራየላትን ቤት ካሰች በዓይኗ አይታዋለች፤ እሷ ራሷ ቁልፍ የተከለችበት ሸሚዙ እዚያ ግቢ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ያን ቀን ዞራ ቤቷ ገባች፣ ለልጆቹ ራት አቀረበች፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለእሱም።

በማግስቱ ጎረቤቷ ሐዳሳ ጨው ፍለጋ ብቅ ብላ ነጠላዎቹን አየች። ሐዳሳ የሲዳማ ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ቀልድም አታጣም። ነገሩ ሲነገራት ሳቋ መጣ።

"እትዬ ካሰች፣ እኛ ጋ እኮ በሠርጉ ዕለት ነው በጉባኤ ፊት የሚማለው። እናንተ ጥርስ ካለቀ በኋላ ነው እንዴ?"

"የእናንተዎቹ ምለው ወደ ሌላ ሴት አይወጡም?"

ሐዳሳ ጨውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "እሱማ ይወጣሉ። ሲወጡ ግን ከቤተ ክርስቲያን ኅብረት ይታገዳሉ።"

"በእኔ ቤት የወጣው ሌላ፣ የታገድኩት እኔ" አለች ካሰች።

ሐዳሳ ትንሽ አጠገቧ ተቀምጣ ሄደች።

መምሬ በቀለ የሰጧቸው ቀኖና ጾምና ስግደት፣ መኝታም መለየት ነበር። ግዛቸው በዚህ ሁሉ በረታ። ጉልበቱ እየተንቋቋ ይሰግዳል፤ ሸክሙን አራግፎ እንደቀለለው በምሳ ሰዓት ያወራላታል። ካሰች ታዳምጣለች። ዓርብ ጠዋት ግን ከራሷ ጋር መከረች፤ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፣ እውነቱን ከነገረኝ የሆነው ሆኖ ነጠላዬን ለብሼ አብሬው እቆማለሁ አለች።

ከሰዓት በኋላ ጠየቀችው።

"ለመምሬ ተናዝዘሃል። ለእኔስ?"

ኑዛዜ በተናዛዡ፣ በንስሐ አባቱና በእግዜር መካከል ነው አላት። የጠየቀችው ለመምሬ ያለውን ሳይሆን ለእሷ የሚለውን እንደሆነ ነገረችው። እንደገና ጉልበቱን አሸ። መስኮቱን አየ፣ መሬቱን አየ።

"አንድ ጊዜ" አለ በመጨረሻ። "ሰይጣን አሳስቶኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው።"

ካሰች ይቀጥላል ብላ ጠበቀች። አልቀጠለም። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን ከየት ይምጣ? የመጣው ድካም ነው፣ ካጥንት የሚነሣ ድካም።

"ሰባት ዓመት ነበር" አለችው ቀስ ብላ። "ሰብለ ትባላለች። ቤቱንም አውቀዋለሁ። በል ስልኩን አንሣና ለመምሬ እሑድ አይሆንም በላቸው።"

ግዛቸው ስልኩን አንሥቶ ደወለ።

"መምሬ፣ ይባርኩኝ። ስለ እሑዱ ነበር... ካሰች ገና አልተዘጋጀችም መሰለኝ..."

"እኔ አይደለሁም" አለች፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ።

ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ አያት። ከዚያ መልሶ ጆሮው ላይ አደረገው።

"እኔ ነኝ መምሬ" አለ። "ከእርስዎም የደበቅሁት አለ። ነገ ልምጣ።"

ካሰች ብድግ ብላ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችለት። በረንዳው ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። ይህ እሑድ እንደማይሆን ታውቃለች። ሌላ እሑድ ይኑር አይኑር ግን አላወቀችም፤ ለዛሬ ማሰቡም ደክሟታል።