ፈርሞ መውጣት፣ ፈርሞ መግባት

ኖራ የብስክሌቷን ካቴና ባረጀ ካልሲ ጨብጣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ታሽከረክራለች። ካልሲው ሲጠቁር ገልብጣ በንጹሑ በኩል ትይዘዋለች። የዴስሞንድ ካልሲ ነው። ባሏ ሚያዝያ ላይ ሁለት ሻንጣና ሬዲዮኑን ይዞ ሲወጣ አልጋ ሥር የቀረ ነጠላ ካልሲ ነው፤ ጓደኛ ስለሌለው ሌላ ሥራ አልተገኘለትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ነገ ጠዋት የሃያ አምስት ማይል ውድድር አለ፤ በዚያ መንገድ ላይ የመጨረሻው። ሰኞ ቆፋሪዎች ይገባሉ። ከሆልምቢ እስከ ወንዙ ድልድይ ሦስት አዳዲስ አደባባይ ይሠራል፣ መብራትም ይተከላል ተብሏል። ከዚያ ወዲያ እዚያ ላይ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደም ብስክሌተኛ አይኖርም፤ በአካባቢው ያለው ሌላው መንገድ ደግሞ ሁሉም ጠባብና ጠመዝማዛ ነው።

ኖራ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያ አምስቱን ማይል ከአንድ ሰዓት በታች ለመጨረስ አምስት በጋ ሞክራለች። ከሁሉ የተሻለው ሰዓቷ አንድ ሰዓት ከአርባ አራት ሰኮንድ ነው። በሆልምቢ ክለብ ከአንድ ሰዓት በታች የገባች ሴት እስከ ዛሬ የለችም። ገንዘብም ዋንጫም የለውም፤ በክለቡ አዳራሽ ውስጥ በተሰቀለው ጣውላ ላይ ስም ይጻፋል፣ በቃ። ቢሆንም በዚያ በጋ ኖራን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት ቢኖር ሌላ መልስ አልነበራትም።

ዴስሞንድ የክለቡ ሰዓት ያዥ ነው። ቤቱን ለቆ ሲወጣ ሰዓት ያዥነቱን አልለቀቀም፤ እሷም ብስክሌቷን አልለቀቀችም። ስለዚህ በየረቡዑ፣ አጭሩ ውድድር በሚደረግበት ቀን፣ መንገድ ዳር ይገናኛሉ፤ እሱ ሰዓቱ ላይ አቀርቅሮ፣ እሷ መሪው ላይ አቀርቅራ። “አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሂጂ” ይላታል። ከሚያዝያ ወዲህ የተነጋገሩት ይህንኑ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንባ ጠብቃ ነበር። አልመጣም። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ፤ ጎረቤቶች ኬክ እየጋገሩ አመጡላት፤ በላችው። የምትሠራው ጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ ሂሳብ ከፍለው የሚወጡትን ሰዎች “ማደንዘዣው ለቆ ስሜቱ እስኪመለስ ትኩስ እንዳይጠጡ፤ ከንፈርዎን ሳያውቁት ይነክሱታል” እያለች ትሸኛቸዋለች። እነሱም በተንጋደደ አፋቸው ያመሰግኗታል። በዚያ በጋ ቀና ብላ ታያቸው ጀመረች።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹ ደረሰች። የክለቡ ጸሐፊ ሲሪል፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ከሻይ ማፍያው አጠገብ ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ እርሳሱን በሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሮ ተቀምጧል።

“ፈርሚ፣ ልጄ። ቁጥር አሥራ አራት። ነፋሱ ተኝቷል፤ ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።”

“ይኼን እኮ በየሳምንቱ ይሉኛል፣ ሲሪል።”

“በየሳምንቱ እዋሻለሁ። የዛሬው ግን እውነት ነው።”

ፈረመች። በሆልምቢ ክለብ ፈርሞ የወጣ ፈርሞ ይገባል። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ አባል ቦይ ውስጥ ወድቆ፣ ሁሉም ቤቱ ገብቷል ብለው ሻያቸውን ሲጠጡ፣ እስከ ማታ ፈላጊ አጥቶ ውሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲጨርስ ያልፈረመ ሰው ሰዓቱ ይሰረዛል። ሕጉን የጻፈው ዴስሞንድ ነው፤ በገዛ እጁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በዓመቱ፣ መጀመሪያ የተሰረዘው የራሱ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ሁለት የገና በዓል ወንድማማቾቹ በአንድ ማዕድ ሳይቀርቡ አለፈ። ኖራ ግን ስለ ፊርማ አስባ አታውቅም። የረቡዕ ዕለት ወረቀቱ እዚያው መንገድ ዳር የሲሪል ጉልበት ላይ ነው፤ አይዘነጋም። የእሑዱን ደግሞ ዴስሞንድ ከመጨረሻው መስመር ሲመለስ በአንድ እጁ ሻይዋን፣ በሌላው ወረቀቱን ይዞላት ይመጣ ነበር። እሱ ከወጣ ወዲህ የእሑድ ውድድር ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

መነሻው ላይ ኮርቻዋን ደግፎ የሚይዛት ትሬቨር ነበር፤ የቦይለር ጠጋኝ፣ ባለ ትልቅ ሆድ።

“ኧረ ቀለልሽ! ምግብ የሚባል ነገር አታውቂም እንዴ? አምና እኮ ወገቤን ነበር የምትቆርጪው።”

“የጎደለኝን አንተ ጋ አየዋለሁ።”

“ስሚኝ፣ ይሄ ሆድ የነፋስ መከላከያ ነው። ከኋላው ያልተጠለለ የክለብ አባል ካለ ይምጣና—”

“ሠላሳ ሰኮንድ” አለ ዴስሞንድ።

ትሬቨር ኮርቻውን አጥብቆ ያዘ። ዴስሞንድ ቆጠረ፤ ኖራ ሄደች።

መንገዱ ግራና ቀኙ የታጨደ ስንዴ ነው። ገለባ በጫነ ትራክተር አጠገብ ስታልፍ ብናኙ ጥርሷ ላይ ተጋገረ። ማዞሪያው አደባባይ ላይ ስትደርስ እግሯ ማቃጠል ነበረበት፤ ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ “በቃኝ፣ በቃኝ” እያለች ነበር የምትታጠፈው። ዛሬ ጉልበቷን ዝቅ ብላ አየችው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ እንዲሠራ ተወችው። ድልድዩን አለፈች። መጨረሻው ላይ፣ እንደ ደንቡ፣ ሰዓት ያዡ እንዲሰማ ቁጥሯን ጮኸች፦ “አሥራ አራት!” ዴስሞንድ ቀና አላለም።

አዳራሹ አንድ ማይል ራቅ ይላል። በሩ ክፍት ነበር፤ የተጠበሰ ዳቦ ይሸታል፣ ትሬቨር ቀድሟት ደርሶ የሆነ ነገር ያወራል፣ ይሳቃል። ብትገባ “ስንት ገባሽ?” ብለው ዞረው ፊቷን ያያሉ። የምታሳያቸው ፊት አልነበራትም። ፍሬን አልያዘችም። ሰባት ማይል ነድታ ቤቷ ገባች።

ስልኩ የጮኸው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ጎረቤቷ ደጃፏ ላይ ትቶላት የሄደውን ፎሶሊያ ጫፍና ጫፉን እየቀጠፈች፣ ጅማቱን እየሳበች ነበር።

“ኖራ? ተመስገን! አለሽ?”

“አለሁ፣ ሲሪል። ምነው?”

“አልፈረምሽማ! በወረቀቱ መሠረት አንቺ እስካሁን መንገድ ላይ ነሽ። ትሬቨርን ቦይ ለቦይ ሲያስስሽ እንዲውል ልሰደው ነበር። ያው በቀጭን ቦይ አያልፍም እንጂ።”

ኖራ በእጇ የያዘችውን ፎሶሊያ አየችው። “ስንት ገባሁ?”

“ቆይ… እሱ ይንገርሽ፣ ልጄ።”

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኮሻኮሸ።

“ሃምሳ ዘጠኝ ከሃምሳ አንድ” አለ ዴስሞንድ።

“ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ?”

“ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ሰኮንድ። ሁለቱም ሰዓቶቼ ያንኑ ነው የሚሉት።”

“ሕጉ ያንተ ነው።”

“የኔ ነው።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሲሪል ማፍያውን ሊያጥብ ወጥቷል። ሌላው ሁሉ ሄዷል። ፊርማሽን አውቀዋለሁ፣ ኖራ። የመጨረሻዋን ፊደል ወደ ታች ትስቢያታለሽ። እርሳሱ እጄ ላይ ነው።”

ይህን የሚለው ወንድሙን የሰረዘው ሰው ነው። ኖራ የሆነ ነገር እስኪሰማት ጠበቀች። አንድ ነገር አለ፣ ራቅ ብሎ፣ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚወራ የጎረቤት ወሬ፤ ቃሉ ግን አይለይም።

“ተወው” አለች።

“ለምን? የነዳሽው አንቺ ነሽ። አየሁሽ እኮ።”

“ቀና አላልክም።”

“ከድልድዩ ጀምሮ አየሁሽ። ስትደርሺ ነው ያቀረቀርኩት።”

“አንተ ከፈረምክልኝ ያስገባኸኝ አንተ ትሆናለህ። ተወው፣ ዴስ።”

“ነገ መንገዱን ይቆፍሩታል።”

“አውቃለሁ።”

“‘አልጨረሰችም’ ብዬ ልጻፍ?”

“ጻፍ።”

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማች። ረጅም ቃል አልነበረም።

“ጻፍኩ” አለ።

“እሺ።”

“ሌላ…”

“ሌላ የለም።”

ስልኩን ሰቀለች። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። የቀሩት አሥራ ምናምን ፎሶሊያዎች ናቸው፤ አንዱን አንስታ ጫፉን ቀጠፈች፣ ጅማቱን ሳበች፤ ሳይበጠስ እስከ ታች መጣ። ቀጣዩ መሐል ላይ ተበጠሰባትና በቢላዋ አወጣችው። ሁሉንም ጨርሳ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨመረች፣ በሌላ ሳህን ከደነች፤ ጎድጓዳውን መደርደሪያው ላይ፣ ወደ ጥግ አድርጋ አስቀመጠችው።