ሦስት ደቂቃ የቀደመው አውቶቡስ

ስድስተኛውን እንቁላል እየላጠች ነው። ቅርፊቱ በአንድ በኩል በእሺታ ተነሳ፤ በሌላው በኩል ነጩን ቦጭቆ መጣ። የተቦጨቀውን ለባሏ ለየችለት። ባሏ የሚበላውን አያይም።

ሳሎን ውስጥ ሬዲዮው ይዘፍናል። ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያ የመጨረሻው ነገር ሊመጣ ሲል፣ ትንሿ ልጇ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ የዋና ልብሴ የት ነው?"

"መሳቢያ ውስጥ።"

"የቱ መሳቢያ?"

"ሁልጊዜ የሚቀመጥበት።"

"እሱ ማስረጃ አይሆንም።"

ስምንት ዓመቷ ነው፤ የቤት ስሟ ጠበቃ ነው። እናትና ልጅ የዋና ልብሱን አግኝተው ሲመለሱ ሬዲዮው ስለ ልብስ ሳሙና ያወራ ነበር።

ሴትየዋ ትልቋ ልጇ ከተወለደች ወዲህ፣ ማለትም ለአሥራ አራት ዓመት፣ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም። መጀመሪያቸውን የምታውቃቸው ዘፈኖች ለአንድ ሠርግ ይበቃሉ፤ መጨረሻ ግን የላትም። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ካልሲ ይጠፋል፣ ወተት ይገነፍላል፣ ወይም አማቷ አንድ ነገር ትዝ ይላቸዋል።

ሥራዋ አውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጣ በማይክ ትናገራለች። ትልቅ ሰዓት ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሹፌሮቹ ግን ሰዓቱን ማየት ከተዉ ቆይተዋል። የሚነሱት እሷ ስትል ነው። "ሦስተኛው መነሻ ላይ ያለው አውቶቡስ አሁን ይነሳል" ካለች በር ይዘጋል፤ ዳቦ በአፉ የያዘ ሹፌር እንኳ ማርሽ ያስገባል። ሁሉም የሚያምናት አንድ ቀን አንድ ደቂቃ አዛብታ ስለማታውቅ ነው። ቤትም ያው ነው። "ውድ መንገደኞቻችን፣ ራት ቀርቧል" ካላለች ከሶፋው ንቅንቅ የሚል የለም።

በዓመት አንድ ቅዳሜ መናኸሪያው ለሠራተኞቹ ቤተሰብ የነጻ ጉዞ ይሰጣል፤ ወደ ፈለጉበት። ዘንድሮ እሷ የምትፈልገው ቦታ ነበራት። ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል ርቃ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያለባት ከተማ አለች፤ ሰው ሁሉ "ሲሚንቶ" ነው የሚላት፣ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ካርታ ብቻ ነው። የፋብሪካው ሠራተኞች ባንድ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በክበቡ አዳራሽ ይጫወታል። ይህን የነገራት የሲሚንቶ መስመር ሹፌር ነው፤ እሱም የነገራት ስለ ትራፊክ መጨናነቅ ሲያማርር ነው።

ጉዳዩ በዋዜማው ራት ላይ ቀረበ።

"ሲሚንቶ ለሳንባ ጥሩ አይደለም" አለ ባሏ። ቧንቧ ሠሪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ሲያስቆም ሰንብቶ ቅዳሜ ደግሞ ውሃ ሊያይ ይፈልጋል። "ሐይቅ እያለ!"

"እኔ ብቻዬን ብሄድስ?"

ማንኪያዎቹ ቆሙ። በዚህ ቤት "ብቻዬን" የሚባለው መታጠቢያ ቤት ሲገባ ነው፤ እሱም ቢሆን በሩ ይንኳኳል።

"አሞሻል እንዴ?" አለች ትልቋ።

"ሙዚቃ ከሆነ የፈለግሽው፣ ሬዲዮኑን ይዘንልሽ እንሄዳለን" አለ ባሏ በቸርነት።

ድምፅ ተሰጠ። ሐይቅ አራት፣ ሲሚንቶ አንድ። አማቷ እንኳ እጃቸውን አወጡ። ጨው አቀብሉኝ ለማለት ነበር፤ ግን ተቆጠረ።

እሷ አልተከራከረችም። ቅዳሜ ጠዋት እንቁላሎቹን ልጣ ጨረሰች፤ በዕቃ ደርድራ ከዳቦው ጋር ሰማያዊው ቦርሳ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወረቀት ቀደደችና ጻፈች፦ "እኔ ወደ ሲሚንቶ ሄጃለሁ። አላበድኩም። ጨውና በርበሬው በትንሿ ጠርሙስ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያው እንገናኝ። ልጆቹ ከወገባቸው በላይ እንዳይገቡ።" አጥፋ ከእንቁላሎቹ አናት ላይ አኖረችው። እንቁላል ሳይነካ ሐይቅ የሚደርስ ቤተሰብ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቦርሳውን ለባሏ አስረክባ፣ ከእነሱ ቀድማ ወደ ሥራ ሄደች።

የሐይቁ አውቶቡስ የሚነሳው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የእሷም ፈረቃ የሚያበቃው ያኔ ነው። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። ባሏ ሬዲዮኑን እንደ ዶሮ ብብቱ ሥር ይዟል። ትልቋ የማታውቃቸው ሰዎች ይመስል አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታለች። አማቷ የእጅ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀዋል።

"እናንተ ግቡ፤ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እመጣለሁ" አለቻቸው በመስታወቱ ቀዳዳ። "ፊት ለፊት ከሹፌሩ ጎን ቦታ አለኝ።"

ገቡ። የሰዓቱ ረጅም ዘንግ ሃያ ሰባት ላይ ሲደርስ የማይኩን ቁልፍ ተጫነች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር፤ ድምፅዋ ከእሷ የተሻለ ውሸታም መሆኑን ያወቀችው ያን ቀን ነው።

"ውድ መንገደኞቻችን፣ ሦስተኛው መነሻ ላይ ያለው የሐይቅ አውቶቡስ አሁን ይነሳል። መልካም ጉዞ።"

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ አንዴ ሳል ብሎ ወጣ። በኋላው መስኮት በኩል ጠበቃ በጣቷ የግድግዳውን ሰዓት እያሳየች አንድ ነገር ስትናገር ታየች። የሰማት የለም።

ሴትየዋ ጃኬቷን አነሳች። ትከሻዋ ቀለላት። ያኔ መስታወቱ ተንኳኳ።

አማቷ ናቸው።

"ልጄ" አሉ፣ "አውቶቡሱ ሄደ።"

"እማማ፣ እርስዎ ለምን አልገቡም?"

"ገብቼማ ነበር። ወረድኩ። ባልሽ ሬዲዮኑን ከፈተው።"

አማቷ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

"ሦስት ደቂቃ ይቀረው ነበር" አሉ።

"እማማ..."

"እኔ ሐይቅ አልወድም። ውሃ ነው፣ ሌላ ምን አለው? አሁን ወዴት ነን?"

ብቻዋን የመሄዱ ነገር በዚህ አበቃ። እዚያው ጥላቸው ብትሄድስ ብላ ለአንድ አፍታ አሰበች፤ እውነቱን ለመናገር ከአንድ አፍታ ትንሽ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ ወደ አምስተኛው መነሻ ወሰደቻቸው።

የሲሚንቶ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ አማቷ ግን የሁለት ቀን ወሬ ይዘው ነበር። የጎረቤትን ኩላሊት፣ የእህታቸውን ልጅ ፍቺ፣ የአውቶቡሱን መጋረጃ፣ የሹፌሩን አንገት በተራ አነሱ። ሲወርዱ የሹፌሩን እናት ስም ያውቁ ነበር።

ክበቡ አዳራሽ ውስጥ ተጣጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ቁጭ ሲሉባቸው ነጭ አቧራ ይነሳል። መድረኩ ላይ አምስት ሰዎች ግራጫ ኮት ለብሰው ቆመዋል። ጡሩምባውን የያዘው የማሸጊያው ክፍል ኃላፊ ነው፤ አኮርዲዮኑ በክሊኒኩ ነርስ ደረት ላይ ነው፤ ከበሮውን የሚመታው የበሩ ጥበቃ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ጊታረኛና ዘፋኝ ናቸው። ሁሉም ተጀመረ ሳይባል ጀመሩ።

ጥሩ ነበር። አንድ ሁለት ቦታ ላይ በጣም ጥሩ ነበር። ሴትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃት፣ ዝም ብላ ሰማች። ዘፈኑ ወደ ማብቂያው ሲያዘነብል ገባት፤ ነርሷ አኮርዲዮኑን እንደ ትንፋሽ በረጅሙ ሳበችው።

"ይሄ ባለ ጡሩምባው" አሉ አማቷ፣ "አግብቷል?"

አዳራሹ አጨበጨበ። አለቀ።

"እማማ" አለች ሴትየዋ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። "አንድ ነገር ልለምንዎት። የጅል ነገር ነው። አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው መስማት እፈልጋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ሦስት ደቂቃዋንም የሰረቅኩት ለዚህ ነው።"

አማቷ ወደ እሷ ዞሩ።

"ቀድመሽ አትናገሪም ነበር?"

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ባሰ። አማቷ ራሳቸው ዝም አሉ፤ ግን የቀረውን ሕዝብ ዝም ማሰኘት ጀመሩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከኋላ ለውዝ ለሚፈለፍለው ሰውዬ ዞረው፣ "አንተ፣ ምራቴ እየሰማች ነው" አሉት። ሰውዬው፣ "እኔስ ምን እያደረግኩ ነው?" አለ። "እየፈለፈልክ ነው" አሉት። ክርክሩ ዘፈኑን ጨርሶ ሁለት ደቂቃ ተረፈው። ሦስተኛው ላይ ያለቀሰ ሕፃን ነበር፤ አማቷ የሕፃኑን እናት፣ ቀጥሎም የሕፃኑን አባት፣ ቀጥሎም ሕፃኑን ራሱን መከሩ። አራተኛው ላይ ወንበር ያንቀሳቀሰ ሰው ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጋር መዛመዱ ታወቀ።

ባለ ጡሩምባው ላቡን ጠርጎ፣ "የመጨረሻዋ ናት" አለ።

አማቷ ክንዷን ያዝ አደረጉ። "ልጄ፣ ሽንቴ መጣ።"

"አሁን?"

"ሽንት ፕሮግራም ያነባል እንዴ?"

ብቻቸውን ይሂዱ እንዳትል ደረጃ አለ፤ ጉልበታቸው ደግሞ አይታመንም። ተነሱ። ባንዱ ሲጀምር እነሱ ደረጃውን አንድ በአንድ እየወረዱ ነበር። ሽንት ቤቱ የአዳራሹ ግድግዳ ጀርባ ላይ ነው። የበሩ መቀርቀሪያ ተሰብሯል፤ በሩ ካልተያዘ ይከፈታል። አማቷ ገቡ። ሴትየዋ ጀርባዋን ለመተላለፊያው ሰጥታ፣ በአንድ እጇ እጀታውን ስባ ያዘች፤ በሌላው የአማቷን ቦርሳ አቀፈች። ከአሥራ አራት ዓመት ምኞትና ከአንድ ወንጀል በኋላ የተሰጣት ቦታ ይህ ነው። ማልቀስ አማራት፤ እጇ ነጻ ስላልነበረ ተወችው።

ዘፈኑ በግድግዳው በኩል ይመጣ ነበር። ግድግዳው ጡሩምባውን አለስልሶታል። አንድ ስንኝ ሄደ። አሁን ይጠሩኛል፣ ወረቀት የለም ይላሉ ብላ ጠበቀች። አልተጠራችም። ሁለተኛው ስንኝ ሄደ። ባለ ጡሩምባው ብቻውን ወጣ፣ ተንከራተተ፣ ተመለሰ። ከበሩ ጀርባ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። አንድ ነገር ሆነው ይሆን ብላ ልታንኳኳ ቦርሳ ያቀፈውን እጇን አነሳችና መለሰችው። እግዜር ይቅር ይበላት፤ አንድ ስንኝ ብቻ ይቀር ነበር።

ከዚያ መጨረሻው መጣ።

መጀመሪያ ጡሩምባው አበቃ። አኮርዲዮኑ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ብቻውን መቅረቱን ሲያውቅ አፍሮ ተከተለ። ጊታሩ አልቋል ብሎ ቆመ፤ አላለቀም ብሎ ትንሽ ጨመረ። ከበሮው ማንም ያልነገረው ይመስል ዘለቀ፤ ዞር ብሎ ሳያይ አይቀርም፤ አንዴ ዱብ አድርጎ ተወው። ልክ የእሷ ቤት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ ነው፤ አንዱ ወጥቶ፣ አንዱ ተመልሶ ገብቶ፣ አንዱ ጫማ ፍለጋ ቀርቶ። አሥራ አራት ዓመት የናፈቀችው ይህንን ነው። ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ሳቀች፤ ቦርሳው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

"አለቀ?" አሉ አማቷ ከውስጥ።

"አለቀ፣ እማማ። ደህና ነዎት?"

"እኔማ ቅድም ጨርሻለሁ። አንዴ አፌን ከከፈትኩ አላቆምም ብዬ ቁጭ አልኩ።" ውሃው ወረደ። በሩ ሲከፈት ልብሳቸውን እያስተካከሉ ነበር። "ባሌ የሞተ ቀን እንኳ ይህን ያህል ዝም አላልኩም። እንዴት ነበር?"

"መጨረሻው አያምርም።"

"የሰው አጨራረስ ምን ያምራል" አሉና ቦርሳቸውን ተቀበሏት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሏንና ልጆቿን መናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው አገኟቸው፤ ሦስቱም በፀሐይ ቀልተዋል። ባሏ ተነሳ። ከሐይቁ እስከ እዚህ ያዘጋጀው ንግግር እንዳለው ከአፉ አያያዝ ያስታውቃል።

"ሦስት ደቂቃ" አለ። "ሦስት ደቂቃ ሰርቀሽ፣ እኔን ከነልጆቼ..."

"ማስታወሻው ላይ ይቅርታ የሚል ቃል የለም" አለች ጠበቃ። "አንብቤዋለሁ። ሁለቴ።"

"ቆዩ እስቲ" አሉ አማቷ። "እኔ አለመኖሬን መቼ ነው ያወቃችሁት?"

ባሏ ትልቋን አየ። ትልቋ ጫማዋን አየች።

"አያቴ ከሹፌሩ ጎን ያሉ መስሎን ነበር" አለች ጠበቃ። "ምሳ ላይ ሁለት እንቁላል ተረፈ። ያኔ ነው ያወቅነው።"

"በእንቁላል" አሉ አማቷ። "ዘጠኝ ወር ተሸክሜህ፣ በእንቁላል ቆጠርከኝ።"

ንግግሩ እዚያው ቀረ። ባሏ እስከ ቤት ድረስ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ የሬዲዮኑ ባትሪ ሐይቁ ጋ ሳይደርሱ ማለቁን።

ቤት ሲገቡ ኮሪደሩ ሁሉ አሸዋ ሆነ። ሴትየዋ ጫማዎቹን ሰብስባ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። የባሏን ሁለቱን እርስ በርስ አጋጨቻቸው፤ ሐይቁ ግማሹ ወረደ። ጠበቃ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"እማዬ፣ በሚቀጥለው ዓመት እኔ ነኝ የማመልጠው።"

"ከማን ጋር?"

ልጅቷ አሰበች። "ብቻዬን። ከአያቴ ጋር።"

"ማመልከቻ አስገቢ።"

የትልቋን አራገፈች፤ የጠበቃን አራገፈች፤ በአንደኛው ውስጥ የእንቁላል ቅርፊት የምታህል ዛጎል ነበረች፣ ለልጅቷ ሰጠቻት። በመጨረሻ የአማቷንና የራሷን በጨርቅ ጠረገች፤ የሲሚንቶ አቧራ በብሩሽ አይለቅም። አምስቱን ጥንድ በግድግዳው ጥግ ደረደረች፣ ጨርቁን አጥፋ መስኮቱ ላይ አኖረችው።