እርጥቡ መረብ

ሁለቱ ጋዜጦች የወጡት ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ጠዋት ነው፤ የሚያወሩትም ስለ አንዲት ኳስ ነው። አንደኛው፣ የቡሪጋንጋ ክለብ ኢትዮጵያዊ በረኛ ኢስሃቅ ዘይኑዲን ኳሷን የግቡ መስመር ላይ እንዳለች በሁለት እጁ አፍኖ የዓመቱን የዳካ ሊግ ዋንጫ ለክለቡ እንዳስገኘ ይተርካል። የመስመር ዳኛው ገብታለች ብሎ ባንዲራውን ያነሳው ዓይኑ አይቶ ሳይሆን ልቡ ለራምና ክለብ ስላደላ ነው ይላል። ሌላኛው ደግሞ ኳሷ መስመሩን አንድ ስንዝር አልፋ ነበር ባይ ነው፤ የመሀል ዳኛውን ሰውና ዝናብ ጋረደው እንጂ ባንዲራ ያነሳው ሰውዬ ትክክል ነበር።

ራፊቅ ሁለቱንም ከቤንጋልኛ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰ አንብቦ ሲጨርስ የጋዜጣ ቁርጥራጮቹን በምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

«ባለባንዲራው ሰሊም ይባላል» አለ። «ታላቅ ወንድሜ ነው።»

ኢስሃቅ የጎረሰውን ሳያላምጥ ዋጠው። በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ፒኮ መንገድ ላይ ባለው ቤንዚን ማደያ አብረው መሥራት ከጀመሩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ራፊቅ የዳካ ልጅ መሆኑን የሰማ ዕለት «እኔ እኮ እናንተ አገር ተጫውቻለሁ» ብሎ በደስታ የነገረው ራሱ ኢስሃቅ ነበር። ያን ቀን ራፊቅ የክለቡን ስም ብቻ ጠየቀው። ለካ ጋዜጦቹ ከአገር ቤት እስኪመጡለት ይጠብቅ ኖሯል።

ከራፊቅ ራስ በላይ፣ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶ፣ ኢስሃቅ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ዋንጫ አቅፎ፣ በሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ፎቶውን በመስታወት አስገብተው የሰቀሉት የቤቱ ባለቤት እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው። ፌርፋክስ ወደሚባለው ሰፈራቸው አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኸውላችሁ የእኛ ልጅ» እያሉ ያሳያሉ።

ኢስሃቅ ከደሴ ዳካ የሄደው ለቴክኒክ ትምህርት እንጂ ለኳስ ብሎ አልነበረም። የኮሌጁ ሜዳ ላይ ያየው አሠልጣኝ ነው ወደ ቡሪጋንጋ የወሰደው። የዚያ አገር ሊግ የሚካሄደው በዝናቡ ወራት ነው። ኳሷ ኩሬ ውስጥ ትቆማለች፣ የኖራው መስመር ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ታጥቦ ይሄዳል፣ ደጋፊው ግን ጃንጥላውን ይዞ ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፋል። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጣሪያ የቡሪጋንጋን፣ ግማሹ የራምናን ባንዲራ ያውለበልባል። ሁለቱ ክለቦች ዓመቱን ሙሉ ተናንቀው እስከ መጨረሻው ቀን ደረሱ። ለቡሪጋንጋ አቻ መውጣት ይበቃው ነበር፤ ባዶ ለባዶ ወጣ።

«የእግር ኳስ ማኅበሩ አድልተሃል ብሎ ሰሊምን አሰናበተው» አለ ራፊቅ። ድምፁ አልከረረም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሜዳ አልገባም። ሻይ ቤት ሲገባ ‹ባንዲራህን አውርድ› እያሉ ይስቁበታል። አሁን አዲሱ የውድድር ዘመን ሳይጀመር ማኅበሩ አቤቱታ ያያል። በረኛው ራሱ ከጻፈላቸው ይሰሙታል። ኢስሃቅ ባይ፣ ገብታ ነበር?»

‹ባይ› በእነሱ ወንድሜ ማለት ነው።

«መስመሩ ላይ ነበረች» አለ ኢስሃቅ። ሦስት ዓመት ሲለው የኖረ ነገር ስለሆነ ሳያስበው ነው የወጣው።

«ኦኬ።» ራፊቅ ቁርጥራጮቹን በየእጥፋታቸው አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «እንግዲያው ሰኞ ለሰሊም ይህንኑ እጽፍለታለሁ። ነገ ፓርኩ ውስጥ የምትጫወቱትን መጥቼ ብመለከት ቅር ይልሃል?»

«ና እንጂ።»

ራፊቅ ከወጣ በኋላ እትዬ ፀሐይወርቅ መጡ። «ምነው ልጄ፣ ጥብሱ አልጣመህም?»

«ኧረ ጣፍጦኛል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሳትበላው! እንግዳህን ፎቶውን አሳየኸው?»

«አይቶታል» አለ ኢስሃቅ።

ወደ ቤቱ ድራይቭ ሲያደርግ እጁ በየመሀሉ ወደ ማጅራቱ ይሄድ ነበር። ያቺን ኳስ እዚሁ ምግብ ቤት ውስጥ ስንቴ እንዳሳየ ቁጥሩን አያውቀውም። ሹካውን መስመር፣ የለስላሳ ቆርኪውን ኳስ ያደርግና «እዚህ ጋ ያዝኳት» ይላል። መረቡን ግን አንድም ቀን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት አያውቅም። ያን ዕለት ኳሷን ደረቱ ላይ አፍኖ ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ በዝናብ የረገበው መረብ ማጅራቱን ነክቶታል። ገመዱ ቀዝቃዛ ነበር። ቀና ሲል ዳኛው «ቀጥሉ» እያለ እጁን ያወዛውዛል፤ ማዶ ደግሞ አንድ ቀጭን ሰው ባንዲራውን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ በዝናብ እየራሰ፣ እሱን እሱን ያያል። ኢስሃቅ ኳሷን አርቆ ጠለዛት።

እሑድ ጠዋት ክሬንሾው አጠገብ ባለው ፓርክ የፌርፋክስና የሃውቶርን ሰፈር ልጆች ተጋጠሙ፤ የፌርፋክስ በረኛ ኢስሃቅ ነው። ግቡ ሁለት ጃኬት ነው። ዳኛ የላቸውም። አምና አንድ ፊሽካ ቡድኑን ለሁለት ሊሰነጥቀው ደርሶ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያጠራጠረች ኳስ ስትመጣ የሚፈርደው በረኛው ራሱ እንዲሆን ተስማሙ፤ እሱ ከተናገረ በኋላ ማንም አፉን አይከፍትም። ሐሳቡን ያመጣው ኢስሃቅ ነበር። በራሱ ላይ የሚፈርደው ይበዛ ስለነበር ሰው ሁሉ ደንቡን ወደደው።

ሁለት ለሁለት ሆነው ሊያበቁ ሲሉ የሃውቶርኑ አጥቂ ክፍሉ ዞር ብሎ መሬት ለመሬት መታት። ኢስሃቅ ተወርውሮ ጃኬቱ አጠገብ ሆዱ ሥር አፈናት።

«ጎል ነው!»

«የምን ጎል! መነጽር ግዛ አንተ!»

«አቦ ዝም በሉ!» አለ ታክሲ ነጂው ክፍሉ፣ እጁን ዘርግቶ። «በረኛው ይፍረድ። የኢስሃቅ ቃል ካሽ ነው።» ከዚያ ዳር ቆሞ ነገሩ ግራ ወደገባው ራፊቅ ዞሮ በእንግሊዝኛ አስረዳው። «ዳኛ የለንም፣ ወዳጄ። እሱን ነው የምንጠይቀው። ይሄ ሰውዬ አይዋሽም።»

ራፊቅ አልሳቀም፤ ፊቱንም አላጠቆረም። «ገባኝ» አለና ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ትናንት ‹ኦኬ› እንዳለው። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ኢስሃቅ ተመለከተና ጠበቀ።

ኢስሃቅ ሣሩን ከጉልበቱ ሳያራግፍ ተነሣ። ኳሷን ደረቱ ላይ እንደያዘ ነው።

«ገብታለች» አለ።

ሃውቶርኖች ጮኹ፤ ክፍሉ ሸሚዙን አውልቆ መሮጥ ጀመረ።

«ቆይ ክፍሉ፣ አልጨረስኩም።»

«ምን ቀረህ? ሦስት ለሁለት ነው፣ አለቀ!»

«ያቺኛዋም ገብታ ነበር።»

«የቷ?»

«የፎቶዋ። የዳካዋ።»

ክፍሉ ሸሚዙን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

«ትቀልዳለህ እንዴ?» አለ ክፍሉ። «ያ ሁሉ ሹካና ቆርኪስ?»

«መረቡ ማጅራቴን ነክቶታል። ያን ቀንም አውቄያለሁ፣ ዛሬም አውቃለሁ። ትክክል የነበረው ባለባንዲራው ሰውዬ ነው። ከዛሬ በኋላ አንተን አንጠይቅም ካላችሁኝ ቅር አይለኝም።»

ክፍሉ ቀስ ብሎ ሸሚዙን መልሶ ለበሰ።

ኢስሃቅ ኳሷን መሬት አስቀምጦ ወደ ራፊቅ ሄደ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ በእንግሊዝኛ ተናገረ።

«ራፊቅ ባይ፣ ለሰሊም ምንም እንዳትጽፍ። ለማኅበሩ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በገዛ ስሜ፣ ዛሬውኑ፣ እዚያው ፎቶው ሥር ቁጭ ብዬ።»